የምትመጣው ሦስት ሰዓት ላይ ነው

እኔ ዓሣ ነባሪ አልወድም። ይኸው ተናገርኩ። እዚህ ማናቢ ባሕር ዳር ተወልዶ እንዲህ የሚል ሰው አታገኙም፤ ሁላችንም እንጀራችን ከእሷ ነዋ! ቱሪስቱ የሚመጣው እሷን ብሎ ነው። ይሁን፣ እንጀራዬ ናት፤ ግን አልወዳትም። ከዚያ ቀን ወዲህማ ስሟን ያነሣብኝ ሰው ፊቴን ሲያይ ወሬ ይለውጣል።

የምትወዳት እህቴ ኡባልዲና ናት። ታላቄ ናት። ስሜ ኦላንዳ ነው፤ አባታችን ካርታ ላይ አይቶ ያወጣልኝ ነው፣ አትሳቁ። ሁለታችን ጀልባዎቹ ከሚቆሙበት አጠገብ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ኮርቢቼ እንጠብሳለን። እኔ ጥሬ ሙዙን እፈቀፍቃለሁ፣ በለውዝ እለውሳለሁ፤ እሷ ሆዱ ውስጥ ዓሣ ከትታ ዘይት ውስጥ ትጥላለች። የእሷን ኮርቢቼ ሳይበላ ባሕር የሚወጣ ጀልበኛ የለም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ዓሣ ነባሪዎቹና በላተኛው አብረው መጥተው አብረው ይሄዳሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ከመጥበሻው ንቅንቅ ማለት የለም። ሥራው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ባሕሩ ባዶ ነው። «ዘንድሮስ ሳላያት አልቀርም» ትላለች በየዓመቱ። ከዚያ አንዱ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ያራግፍና በቃ፣ «ለከርሞ» ትላለች። እንዲህ እያለች ፀጉሯ ነጣ።

ያላየችውን በጆሮዋ ታሳድደው ነበር። ፊደንሲዮ የሚባል ጀልበኛ አለ፤ የአክስት ያህል ያከብራታል። ገና ከጀልባው ሳይወርድ «ዛሬስ?» ትለዋለች።

«ዛሬማ አይጠይቁኝ፣ አክስቴ!» ይላል አፉን ሞልቶ። «አንዷ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጭራዋን አሳየችን። ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ እናትና ልጅ! እጄን ብዘረጋ እነካቸው ነበር።»

«እናትና ልጅ ሁልጊዜ ሦስት ሰዓት ላይ ናቸው?»

«ብዙ ጊዜ፣ አክስቴ። አንድ ይጨምሩልኝ እስቲ።»

ሌሎቹም ጀልበኞች ወሬያቸው ይኸው ነበር። እዚህ እኛ ጋ ሰዓት የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊትና ከእኩለ ቀን ነው፤ ዘጠኝ ጠዋት ነው፣ ሦስት ከምሳ በኋላ ነው። እኔና ኡባልዲና ዓሣ ነባሪ እንደሚታለብ ላም ሰዓት ያላት ይመስለን ነበር። ማን ነገረን? እኛስ ማንን ጠየቅን?

አንድ ዓመት ላይ ዓይኗ እምቢ አለ። ፖርቶቪዬሆ ወስጃት ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለን። ዳር ዳሩን በልቶት መሐል ላይ የቁልፍ ቀዳዳ የምታህል ብቻ ቀርታላታለች፤ ቀዳዳዋም ለከርሞ አትደርስም አለን፤ መድኃኒቱም ቢሆን ዘግይቷል። ፀሐይ ሲበዛባት ያቺው ቀዳዳ ወተት ትሆንባታለች፤ ጨፍና ስታሳርፋት ትመለሳለች። ኡባልዲና አላለቀሰችም። አውቶቡስ ውስጥ «እንግዲህ ከርሞ የሚባል የለም» አለችኝ።

የወቅቱ ማብቂያ ላይ ፊደንሲዮ መጣ። «አክስቴ፣ የመጨረሻዋ ጉዞ ናት፤ ነገ ጀልባዋን ወደ ደረቅ አወጣታለሁ። ዛሬ ካልመጡ ተቀያይመናል!»

«እሳቱስ?»

«እሳቱ ገደል ይግባ!» አልኩና ውሃ ደፋሁበት። እኔ ባሕር ላይ ስወጣ ሆዴ ወደ አንገቴ ነው የሚመጣው፤ ግን ብቻዋን እንዴት ልልቀቃት?

ምሳ እንደተበላ ወጣን። ፊደንሲዮ እህቴን ከቀኝ በኩል ጠርዙ ላይ አስቀመጣት። ፈረንጆቹ እንደተቀቀለ ሽሪምፕ ቀልተው ስልካቸውን ደግነዋል። ኡባልዲና ሽርጧን እንኳ አልፈታችም፤ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ከላይ ደርባበታለች። ትንሽ እንደሄድን «ስንት ሰዓት ሆነ?» አለችኝ።

«ገና ሁለት አልሞላም።»

እሷም ዓይኗን ጨፈነች።

«ምነው? አመመሽ?»

«እያሳረፍኳቸው ነው። ሦስት ሊል ሲል ቀስቅሺኝ።»

እሺ አልኩ። ነገሩ ልክ መስሎኝ ነበር፤ እንዲያውም ብልህነቷ ገረመኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ብልህነት የማስብበት ጊዜ አላገኘሁም፤ ማዕበሉ አነሣን፣ ጣለን፣ እኔም ባልዲ ታቅፌ የበላሁትን ሁሉ አስመለስኩ።

ሞተሩ ድንገት ጠፋ። ፊደንሲዮ ከኋላ ጮኸ፦ «ሦስት ሰዓት! ሦስት ሰዓት ላይ! ሦስት! ሦስት!»

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቀና ብዬ ፀሐይን አየሁ። ሰውየው ሰዓቱ ተበላሸበት እንዴ ብዬ። ፈረንጆቹ ግን እየተንጋጉ ወደ ቀኝ ዞሩ፤ ያኔ ውሃው ተከፈተ።

እናቲቱ የተገለበጠ ጀልባ መሰለች። ልጇ ከጎኗ ወጣ፣ ወደ እኛ ተጠጋ፣ ልክ ከእህቴ ክርን ሥር። ከዚያ ተነፈሰ፦ ፉፉፉ! እንደ ሸተተ ዓሣ የሚከረፋ ካፊያ የኡባልዲናን ፊት አለበሰው።

«ኦላንዳ!» አለች ፊቷን በሽርጧ እየጠረገች፣ ዓይኗ እንደተጨፈነ። «እላዬ ላይ ታስመልሺብኛለሽ እንዴ?»

ልነግራት ፈለግሁ። አፌን ስከፍት የሚወጣው ቃል አይደለም። እጅጌዋን ይዤ ጎተትኳት፣ ነቀነቅኳት፣ «አ… አ…» አልኩ። እሷ እጄን ይዛ መታ መታ አደረገችኝ። «አይዞሽ፣ አውጪው። አውጪው እህቴ፣ ይቀልሻል።» ከጎኔ አንዱ ፈረንጅ በደስታ ያለቅሳል። ልጁ አንዴ ጎኑን አሳየና ሰጠመ፤ እናቲቱም ተከተለችው።

«አክስቴ፣ አዩ አይደል?» አለ ፊደንሲዮ ከሩቅ። «አጠገብዎ እኮ ነው የወጣው!»

«ማን?»

«የሦስት ሰዓቱ ነዋ!»

«ተው ልጄ፣ ሦስት ብለህ ስትጮህም ሰምቼሃለሁ፤ ገና ሁለትም አልሆነ።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። የእኔን ፊት ሲያይ ግን ሳቁ ቀረ። መቀመጫዎቹን ተሻግሮ መጥቶ እግሯ ሥር ቁጢጥ አለ።

«አክስቴ… ጀልባዋ እንደ ግድግዳ ሰዓት ናት። አፍንጫዋ ዐሥራ ሁለት ነው። በስተግራ ዘጠኝ፣ በስተቀኝ ሦስት። የቱ ጋ እንደወጣች ለማለት ነው እንጂ…»

ኡባልዲና ቀኝ እጇን ቀስ ብላ ወደ ውሃው ዘረጋች። «ይሄ ነው ሦስት?»

«አዎ።»

«ይሄ የተቀመጥኩበት?»

«አዎ፣ አክስቴ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት የኔን ኮርቢቼ እየጎረስክ፣ ‹በቀኝ በኩል› ማለት አቅቶህ ነው?»

ተነሥቶ ወደ ሞተሩ ተመለሰ።

ጠበቅን። ማሳደድ ክልክል ነው፤ ቆሞ መጠበቅ ብቻ ነው የተፈቀደው። ያ ሲያለቅስ የነበረው ፈረንጅ ነገሩ ገብቶት ስልኩን አመጣላት፤ ዓሣ ነባሪዋ ከነልጇ ተቀርጻለች። ኡባልዲና አፍንጫዋ ሥር ድረስ አስጠጋችው፣ አዘነበለችው፣ ገለበጠችው። በዚያ ፀሐይ መስተዋቱ ላይ የታያት የራሷ ጃኬት ብርቱካናማ ቀለም ብቻ ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ መለሰችለት።

ነፋሱ ተነሣ፣ ፊደንሲዮም ሞተሩን አስነሣ። «ትንሽ እንቆይ!» ብዬ ጮህኩበት፤ ሰደብኩትም። አንገቱን ደፍቶ መሪውን አዞረ። እንዲያው ሰደብኩት እንጂ በነፋስ ላይ ማን ያዛል!

«አንቺስ አየሻት?» አለችኝ ኡባልዲና።

«አየኋት።»

«እስቲ ንገሪኝ።»

«ትልቅ ናት።»

«ኦላንዳ! ይሄንንማ ሁሉም ይለኛል።»

«እርጥብ ናት… ጥቁር ናት… ልጇ…» አልኩና ቆምኩ። በወሬ ማንም የማይረታኝ ሴትዮ፣ ያን ቀን ለእህቴ የምሰጣት አንዲት ቃል አጣሁ። የማልወደውን ነገር ለማየት እኔ እንድወጣ ማን አዘዘኝ? እኔስ ለምን አየኋት?

ኡባልዲና ፊቷን ወደ ባሕሩ መለሰች። ዓይኗን በልጥጣ ከፈተች፣ ፀሐዩ ፊት ለፊቷ፣ ነፋሱ ጨው እየረጨባት። እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል።

«ኧረ ጨፍኛቸው!» አልኳት። «ትጎጃለሽ፣ ወተት ሆነው ይቀሩብሻል!»

«ከእንግዲህ ለምን ብዬ ልቆጥባቸው?» አለችኝ።

ባልዲዬን ታቅፌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እሷም ወደቡ እስክንደርስ አንዴ እንኳ አልጨፈነችም።