ከስልሳው ላይ አሥር

ፎክዬ ባከር ስትናደድ ድንች ትልጣለች። ከሃርሊንገን ወደብ ወደ ደሴቶቹ መንገደኛ በምታመላልሰው መርከብ ወጥ ቤት የሚሠሩ ሁሉ ይህን ያውቃሉ። ልጣጩ ስስ ሆኖ ከወረደ ሰላም ነው፤ ግማሽ ድንቹን ይዞ ከወረደ ግን አጠገቧ ድርሽ የሚል የለም። ሃምሳ አንድ ዓመት በሞላት ዓመት ከድስቱ ይልቅ የቆሻሻ ባልዲው ይሞላ ነበር።

ነገሩ የመጣው በእህቷ በኩል ነው። ፎክዬና ታናሽ እህቷ ቲኔከ ወደቡ ዳር የድንች ጥብስ ቤት ከፍተው ነበር። ፎክዬ ትጠብሳለች፣ ቲኔከ ደግሞ ወረቀቱንና ደንበኛውን ትይዛለች። የመጀመሪያው በጋ ቀናቸው። ቲኔከ ግን የቀናው ሰው አርፎ ይቀመጣል ብላ የምታምን አይደለችም። ደጁ ላይ በመስታወት የተከለለ መቀመጫ ይሠራ አለች፤ ማቀዝቀዣዎቹ አርጅተዋል አለች፤ መጥበሻው ይቀየር አለች። ሁሉም በብድር።

“ባንቺ ስም ይሁን” አለቻት። “እኔ የቤት ብድር አለብኝ፣ ባንክ አያምነኝም። ያንቺ ስም ንጹሕ ነው።”

ፎክዬ ፈረመች። አንድ አልጋ ላይ ተኝተው ያደጉ እህትማማቾች ናቸው፤ ምን ብላ ትጠርጥር? ሁለተኛው በጋ ዝናብ በዝናብ ሆነ። በሦስተኛው ፊት ለፊታቸው ሌላ ጥብስ ቤት ተከፈተ። በመስከረም በሩ ሲዘጋ ቲኔከ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣

“እንግዲህ እኔ ምን አገባኝ፣ ፊርማው ያንቺ ነው” ብላ ወጣች።

ዕዳው ሠላሳ አንድ ሺህ ዩሮ ነው። ፎክዬ መርከቡ ላይ በምግብ አብሳይነት ተቀጠረች፤ ደመወዟ ግን ከወለዱ ጋር መሮጥ አቃተው። ደጇን የሚያንኳኳው አበዳሪ በዛ። በመጨረሻ ጥርሷን ነክሳ ራሷ ሄዳ እርዳታ ጠየቀች፤ ፍርድ ቤቱም ገንዘብ አስተዳዳሪ ሾመላት።

ሰውየው አቶ ራይትስማ ይባላል። ከተማው ውስጥ ትንሽ የግል ቢሮ አለው፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ። ውሉን አስረዳት። ለሦስት ዓመት ደመወዟ በእሱ እጅ ይገባል። የቤት ኪራዩን፣ መብራቱንና ኢንሹራንሱን እሱ ይከፍላል፤ ለአበዳሪዎቹ በየወሩ ያከፋፍላል። ለእሷ በሳምንት ስልሳ ዩሮ ይሰጣታል። ሦስቱን ዓመት ሳትዛነፍ ከጨረሰች የተረፈው ዕዳ ይሰረዝላታል።

“እንግዲህ ወይዘሮ ባከር፣ አሁን ገንዘብ አያያዝ እንማራለን” አላት።

“ማንና ማን ነን የምንማረው?”

“እርስዎና እኔ ነና።”

“እርስዎም ዕዳ አለብዎት እንዴ?”

አቶ ራይትስማ አልሳቀም። እሷም ለማሳቅ አልነበረም የተናገረችው።

በመጀመሪያው መኸር የልብስ ማጠቢያዋ እየጮኸ ቆመ። ፎክዬ ለራይትስማ ደወለች። ማመልከቻ ያስገቡ አላት፤ አስገባች። ወር ሊሞላ ሲል መልስ መጣ።

“ዕቅዱ ውስጥ ለዚህ ቦታ የለም፣ ወይዘሮ ባከር።”

“ታዲያ ልብሴን በምን ልጠብ? በዕቅዱ?”

“የሕዝብ ልብስ ማጠቢያ ቤት አለ።”

“እሱስ በነጻ ነው?”

ያን ክረምት የዘይት ሽታ የጠጣ ሽርጧን ገላ መታጠቢያው ውስጥ ተንበርክካ አጠበች። የጣቶቿ መገጣጠሚያ በሳሙናና በብርድ ተሰነጣጠቀ። አንድ ቀን እርጥብ አንሶላ እየጠመዘዘች ሳለ ለብቻዋ መጮህ ጀመረች። የቲኔከን ስም ጠርታ ጮኸች፤ የራይትስማን ስም ጠርታ ጮኸች። ጎረቤት ግድግዳውን እስኪደበድብ። ከዚያ ተቀመጠችና አሰበች። ነገ ማሞቂያው ቢበላሽስ? ጥርሷ ቢታመምስ? ዕዳው ይከፈላል፣ እሺ። እሷ ግን በየብልሽቱ እንደ ሕፃን እጇን ዘርግታ ልትለምን ነው? በዚህ ሰውዬ ፊት?

እስከዚያ ድረስ የምትቆጥበው የተረፋትን ነበር፤ የሚተርፍ ግን ኖሮ አያውቅም። አሁን ተገላቢጦሹን አደረገች። ስልሳው በገባበት ቀን፣ የሱፐርማርኬት በር ሳትረግጥ፣ አሥሩን ነጥላ በስሟ በተከፈተ የቁጠባ ሒሳብ ታስገባለች። በቀረው ሃምሳ ይኖራል፤ ካልተኖረም ይቻላል። ትምባሆዋን ተወች፣ ለጤናዋ ሳይሆን ለእልኋ። ስጦታ መግዣ ስለሌላት ከጓደኞቿ ልደት ቀረች። ለመንገደኛ የተሠራው የአተር ሾርባ ሲተርፍ በካፒቴኑ ፈቃድ በጣሳ ይዛ ወደ ቤት ትወስዳለች። አይብ እንደ ወረቀት ስስ አድርጋ ትቆርጣለች። ይህን ሁሉ የምታደርገው በደስታ አልነበረም። እየተሳደበች ነው።

የመርከቡ ገመድ ሳቢ ኦኖ ነው የጣሳውን ነገር ያነሳላት። መንገደኞች መርከቡ ላይ ጥለውት የሚወርዱት ባዶ ጣሳና ጠርሙስ ሱፐርማርኬት ያለው ማሽን ውስጥ ሲከተት ሲገዛ ለማስያዣ የተከፈለው ሳንቲም ይመለሳል።

“እዚህ ወለል ላይ ገንዘብ ተዘርሮ አንቺ ድንች ላይ ትፎክሪያለሽ” አላት።

“ቆሻሻ ልልቀም ነው የምትለኝ?”

“የጀርመን መንገደኞችን ቆሻሻ። እነሱ ቢራ ሲጠጡ አይሰስቱም።”

ሁለት ቀን ተኮሳተረች። በሦስተኛው ጥቁር ከረጢት ይዛ ወጣች። መጀመሪያ ፊቷ ቀላ፤ በኋላ ለመደችው። በጸደይ ከአንድ ጡረተኛ ያገለገለች ማጠቢያ ገዛች፤ ማንንም ሳትለምን። አሥሩን ግን አላቆመችም። ጣሳውንም።

አንድ ቅዳሜ ማሽኑ ፊት ቆማ ጣሳ ስታጎርስ ከኋላዋ የምታውቀው ሽቶ ሸተታት። ቲኔከ ናት፤ በአዲስ ኤሌክትሪክ ብስክሌት ነው የመጣችው፣ ቆቧ እንኳ ከብስክሌቱ ቀለም ጋር ይሄዳል።

“ፎክዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው? ሰው እያየሽ እኮ ነው!”

“ይየኝ።”

“ከተማው ትንሽ ነው። የኔም ስም አለ።”

ፎክዬ ዞረች። እጇ በተረፈ ቢራ ተጣብቋል።

“ያንቺ ስም? ያንቺ ስም የት ላይ አለ? አሳዪኝ እስቲ! ማቀዝቀዣው ላይ አለ? መጥበሻው ላይ አለ? ስምሽን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት እኮ፣ ቲኔከ! ሁሉም ቦታ የኔ ነው ያለው!”

ሰው ዞሮ አየ። ቲኔከ ደም መሰለች።

“ቀስ በይ በናትሽ…”

“እናታችንን ካፍሽ አውጪ! ዞር በይልኝ፣ ወረፋ የያዘ ሰው አለ።”

ቲኔከ የያዘችውን ባዶ ዘንቢል እዚያው ትታ ወጣች። ፎክዬ የቀሩትን ጣሳዎች አንድ በአንድ አስገባች።

በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ቁጠባዋ ዘጠኝ መቶ ዩሮ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ያኔ አቶ ራይትስማ አስጠራት። የባንኩን ዝርዝር ሲያይ አግኝቶት ነው።

“ይህን ገንዘብ ከየት አመጡት?”

“ከአፌ።”

“በግልጽ ይንገሩኝ፣ ወይዘሮ ባከር።”

ነገረችው። ከስልሳው ላይ አሥር፤ ከዚያ ጣሳው። ራይትስማ እያዘነላት ይመስል ራሱን ነቀነቀ።

“ጥረትዎን አደንቃለሁ። ግን ዕዳ ያለበት ሰው ትርፍ ገንዘብ ሊኖረው አይችልም። ይህ የአበዳሪዎቹ ነው። ሒሳቡን አግጄዋለሁ፤ በሚመጣው ወር እናከፋፍለዋለን።”

ፎክዬ ደሟ ፈላ። ተነሳች፤ ወንበሩ ከኋላዋ ወደቀ።

“በልቼው ቢሆንስ? በትምባሆ አጭሼው ቢሆንስ?”

“ያ የእርስዎ መብት ነበር።”

“ባጨሰው የኔ፣ ባስቀምጠው የነሱ? ይሄ ነው የሚያስተምሩኝ የገንዘብ አያያዝ? ማጠቢያዬ ሲሰበር ቦታ የለም አሉኝ። ቦታውን ራሴ ሠራሁ! በሆዴ ሠራሁት! አሁን እሱንም ሊያፈርሱት?”

“ድምፅዎን ይቀንሱ።”

“አልቀንስም!”

በሩን የዘጋችበት ድምፅ መንገድ ላይ ድረስ ተሰማ። ያን ቀን መርከቡ ላይ የተቀቀለ ድንች አልነበረም፤ ኦኖ ቢላዋውን ከእጇ ወስዶ፣ “ይሄን ሰውዬ የሾመው ዳኛ ነው አይደል? ዳኛው ጋ ሂጂ እንጂ እኛን ጦም አታሳድሪን” አላት።

ሄደች። ሌዋርደን ከተማ ያለው ፍርድ ቤት አቤቱታዋን ተቀብሎ ቀን ቆረጠላት። ክፍሉ ትንሽ ነው፤ ዳኛዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ንግግር የማታበዛ ሴት። ራይትስማ ለስላሳ ድምፁን ይዞ ስለ አበዳሪዎች ጥቅም ረዘም አድርጎ ተናገረ። ዳኛዋ እስኪጨርስ ጠበቀችና፣

“አቶ ራይትስማ፣ ሴትዮዋ ከእርስዎ የተቀበለችው ስልሳ ዩሮ ለምን ነበር?” አለችው።

“ለኑሮዋ፣ ክብርት ዳኛ።”

“ለኑሮዋ ከተሰጣት በኋላ የማን ነው?”

“የእሷ ነው፣ ግን…”

“ግን የለውም። ማጠቢያው በተሰበረ ጊዜ ምን አደረጉላት?”

ሰውየው ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። ዳኛዋ ወደ ፎክዬ ዞረች።

“እርስዎስ፣ የጣሳውን ለምን አልተናገሩም? እሱ ገቢ ነው።”

“ሰው የጣለው ነው፣ ክብርት ዳኛ።”

“ሰው የጣለውን እርስዎ አንስተው ገንዘብ አደረጉት። ሲነገር ነው የሚያምረው።”

ውሳኔው ተሰጠ፤ ከኑሮዋ የቆጠበችው በሙሉ ይመለስላታል፤ የጣሳው ግማሽ ለአበዳሪዎች ይሄዳል። ከዚህም በላይ፣ ከወር ደመወዟ ላይ ትንሽ ለድንገተኛ ወጪ እንዲቀመጥላት ዕቅዱ ውስጥ ተጻፈ። በዚህ ምክንያት የመክፈያው ጊዜ በሁለት ወር ይረዝማል። ራይትስማ በረንዳው ላይ እጁን ሲዘረጋላት አልጨበጠችውም።

“ሁለት ወር!” አለችው ኦኖን ስትመለስ። “ልክ ነሽ ተብዬም ሁለት ወር ተጨመረብኝ!”

“አሸንፈሻል እኮ፣ አንቺ ሴትዮ።”

“ማሸነፍ እንዲህ ከሆነ መሸነፉ ምን ሊመስል ነው?”

ወሬው ከተማውን ዞረ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቲኔከ በሯ ላይ ቆማለች። ያለ ብስክሌት። ከገባች በኋላ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም።

“ያው… ትንሽ ገንዘብ እንዳለሽ ሰማሁ። ስድስት መቶ ብታበድሪኝ። ባሌ ሄንክ ጥሎኝ ሄዷል። የቤቱ ክፍያ ሁለት ወር አልፎታል።”

ፎክዬ መጀመሪያ ሳቀች። ሳቁ ራሷን አስፈራት። ከዚያ ፊቷ ጠቆረ።

“ስድስት መቶ። እጄን አየሽው? እይው! ይሄ ስንጥቅ ያንቺ መጥበሻ ነው። ትምባሆዬ ያንቺ መቀመጫ ነው፣ በመስታወት የከለልሽው! አንድም ቀን፣ አንድም ቀን፣ ‘ፎክዬ፣ ግማሹን ልሸከም’ ብለሻል?”

“ፈርቼ ነበር።”

“እኔስ?”

“አንቺ… አንቺ ሁልጊዜ ትችያለሽ።”

ይህች ቃል ከሁሉ የባሰች ሆነች። ፎክዬ በሩን ከፈተችና እጇን ወደ ደረጃው ዘረጋች። ቲኔከ ወጣች። ፎክዬ ቀኑን ሙሉ አንዲት ነገር አልበላችም።

ከወር በኋላ ኦኖ ቲኔከን ከራይትስማ ቢሮ ስትወጣ አየኋት አላት። ቤቱ ተሸጧል፤ እሷም በስልሳ ዩሮ ልትኖር ነው። ፎክዬ ደስ እንዲላት ጠበቀች። አላላትም። እንዲያውም የባሰ ተናደደች፤ አሁን በማን ላይ ልትቆጣ ነው? ከመርከቡ ወርዳ፣ ሽርጧን ሳታወልቅ፣ ቲኔከ ወደተከራየችው ክፍል ሄደች። ቲኔከ ስትከፍት ዓይኗ አብጦ ነበር።

“ገንዘብ አልሰጥሽም” አለች ፎክዬ ቆማ።

“አልጠየቅኩሽም።”

“ስሚኝ። አሥሩን መጀመሪያ ነው የምታወጪው። ሱቅ ከመሄድሽ በፊት! ከሱቅ ስትመለሺ የሚተርፍ የለም፣ አትጃጃዪ። በስምሽ አስቀምጪው። ሰውዬው የአበዳሪዎቹ ነው ካለሽ ዳኛዋ ጋ ትሄጃለሽ። እና ዕቅዱን ከመፈረምሽ በፊት ለድንገተኛ ወጪ ቦታ ይጻፍልኝ በይው። በፊት ነው ያልኩሽ! እኔ ከፈረምኩ በኋላ ነው ያወቅኩት።”

“እየጮህሽብኝ እኮ ነው።”

“አዎ፣ እየጮህኩብሽ ነው። ገብቶሻል ወይስ ልድገመው?”

“ገብቶኛል።”

ፎክዬ አልተቀመጠችም። ቡና አፍልቻለሁ ስትባል ተመለሰች፣ አልጠጣም ብላ።

የመጨረሻው ክፍያ በግንቦት ገባ፤ የቀረው ዕዳ ተሰረዘ። ራይትስማ ስልክ ደውሎ እንኳን ደስ አለዎት አላት፤ አመሰግናለሁ ብላ ዘጋች። ሒሳቧ ውስጥ ሁለት ሺህ ከምናምን ዩሮ ነበር። ኦኖ ድግስ ይገባሻል ብሎ ቢወተውታት ለመርከቡ ሠራተኞች በሙሉ ዓሣ ጠበሰች፤ የሚከፈለውንም ከኪሷ ከፈለች። ሲበሉ እያየቻቸው ቆየችና ጨው አነሰው ብላ ተቆጣች።

ለቲኔከ ይቅር አላለቻትም። በወር አንዴ ግን ትደውልላታለች።

“አሥሩን አወጣሽ?”

“አወጣሁ።”

“ከሱቅ በፊት?”

“ከሱቅ በፊት።”

“ደህና ዋይ” ትላትና ስልኩን ትዘጋለች።