በጾም ቅዳሜ የመጣው የበሬ ልብ

ሮቤ ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ ባለው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ቅዳሜ ከሰዓት የሚማሩት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። ዴስኩ የተሠራው ለሁለተኛ ክፍል ልጆች ስለሆነ ጉልበታቸው ከሥሩ አይገባም፤ በጎን ዞረው ነው የሚቀመጡት። ከበር ሆኖ ለሚያይ ሰው ሁሉም ተኮራርፈው ግድግዳ የሚያዩ ይመስላሉ። አልተኮራረፉም። እንዲያውም ሲስተር ዝም በሉ እያሉ ጠረጴዛ የሚመቱት ወሬያቸው ስለማያልቅ ነው።

ሲስተር ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ክፍሉን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። የሚያስተምረው ግን የሚያውቅ ሁሉ ነው። አንድ ቅዳሜ ስለ ንብ፣ አንድ ቅዳሜ ስለ ውርስ ሕግ፣ አንድ ቅዳሜ ስልክ ላይ ፎቶ እንዴት እንደሚላክ። እኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። መጀመሪያ የገባሁት አያቴን ደግፌ ለማምጣት ነበር፤ በኋላ ቃለ ጉባኤ ያዢ ተባልኩ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የኔ ጽሑፍ ያለ መነጽር ይነበባል። አንድ ቀን ሲስተር የጻፍኩትን ጮክ ብለው ሲያነቡት ሰዎቹ እኔ ይስቃሉ ብዬ ያሰብኩበት ቦታ ላይ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ የተባለውን ብቻ ሳይሆን ሰው ሲናገር እጁ ምን እንደሚሠራም እጽፋለሁ።

ክፍሉ አንድ ሕግ አለው። ማንም ሰው ከመውጣቱ በፊት ያልገባውን አንድ ነገር መናገር አለበት። በኦሮምኛ የሚቀለው «ናፍ ሂን ገሌ»፣ አልገባኝም፣ ብሎ ይጀምራል። «ሁሉም ገብቶኛል» ማለት ክልክል ነው። ሲስተር ይህን ያወጡት የመጀመሪያው ወር ላይ ነው ይባላል። ያኔ አስተማሪው እንዳያፍር ብሎ ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ይወጣ ነበር፤ በወሩ መጨረሻ ሁሉም ገብቶት ማንም ምንም አያውቅም ነበር።

አያቴ ይህን ዙር በቀልድ ነበር የሚያልፉት። «ያልገባኝ ይሄ ዴስክ ነው፤ እኔም አልገባሁበትም» ይላሉ፤ ይሳቃል፤ ተራው ያልፋል። ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ግን አልቀለዱም።

«ያልገባኝ፣ የልብ በር የሚሉት ነገር ነው» አሉ።

ከቤተሰብ ሌላ የሰማ ሰው አልነበረም። ጎባ ሐኪም ቤት ሐኪሙ በመሣሪያ አይቶ፣ ከልብዎ በሮች አንዱ በደንብ አይዘጋም፣ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ አዲስ አበባ ይጠገናል ብሏቸዋል። ቀጠሮው ከሁለት ሳምንት በኋላ ማክሰኞ ነው። እናቴ ቦርሳቸውን አዘጋጅታ ከሳሎኑ በር ኋላ አስቀምጣለች። እሳቸው አልሄድም ብለዋል። ቦርሳው በየቀኑ አቧራው ይጠረግለታል እንጂ አይነሣም።

«ሃምሳ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ» አሉ አያቴ ለክፍሉ። «ጨርቁን ሳላይ መቀስ አንሥቼ አላውቅም። ያላየሁት በር ተበላሽቷል ሲሉኝ፣ ይጠገን ብዬ ደረቴን የምሰጠው በምን ሒሳብ ነው?»

«ልብ እኮ በር የለውም» አሉ ሐጂ።

ሐጂ የቆዩ ሥጋ ሻጭ ናቸው፤ አሁን ሱቁን ልጃቸው ይዞታል። የሥጋ ቤታቸውና የአያቴ ስፌት ቤት ፊት ለፊት ናቸው፤ አርባ ዓመት ተያይተዋል።

«በር ቢኖረው እኔ አጣው ነበር? ስንት ልብ ቆርጫለሁ!»

«አራት በር አለው» አሉ ሲስተር።

«አራት? የኔ ቤት እንኳ ሁለት ነው ያለው።»

አያቴ ወደ ሲስተር ዞረው «ይኸው፣ የሙያው ሰው መሰከረ» አሉ። ይህን ሲሉ ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር። እኔ የሐጂን ንግግር ስጽፍ እስክሪብቶዬን ከልክ በላይ ተጭኜ ወረቀቱን ቀደድኩት።

ሲስተር ብዙ አልተከራከሩም። «እንግዲያው አንድ ልብ ይምጣና እንየው» አሉ።

«በሁዳዴ?» አሉ ከፊት የተቀመጡት እትዬ። እትዬ ጎባ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ በነበረች ጊዜ የቢሮ ታይፒስት ነበሩ፤ ዛሬም ሰው ሲናገር የጎደለውን ቃል ይሞላሉ። በየሳምንቱ በሚኒባስ ይመጣሉ። «ሥጋ? እዚህ?»

«አንበላውም እኮ እትዬ። እናነበዋለን» አሉ ሲስተር።

«የማን እርድ ነው?»

ይህ ጥያቄ ከልብ በር ይከብዳል። እኛ አገር ክርስቲያን የሙስሊም እርድ አይበላም፤ ሙስሊምም የክርስቲያን። ሠርግ ላይ ሁለት ድስት፣ ሐዘን ላይ ሁለት ድስት ነው። አያቴና ሐጂ ሻይ ተጋብዘዋል፣ ዝናብ አብረው ተጠልለዋል፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ድሯል፤ ሥጋ ግን አብረው ነክተው አያውቁም። በሁዳዴ ደግሞ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ስለሚዘጋ ልብ ቢመጣ ከሐጂ በኩል ነው። ክፍሉ ጥቂት ተከራከረ። እትዬ በመጨረሻ «ከኔ ዴስክ ራቅ ይበል» ብለው ፈቀዱ። ቃሉን እንዳለ ጻፍኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ረመዳንም ገብቶ ነበር። ግማሹ ክፍል በሁዳዴ፣ ግማሹ በረመዳን፣ ሁሉም አፉ ደርቋል። ሐጂ ጥቁር ፌስታል ይዘው ገቡና እንደ ሙሽራ አባት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ሲስተር ፈቱት። ልቡ በአውራ ጣት ልክ ተከታትፎ፣ ስቡ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ ለመጥበስ ብቻ የቀረው ሆኖ ነበር።

«ሐጂ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ልብ ነዋ! ለክብር ሰዎች ነው ብዬ ጥሩ አድርጌ አስከተፍኩት።»

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ናቸው። «ጥብስ ሊያበሉን ነው እንዴ በሁዳዴ?» አሉ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። ሲስተር ቁራጮቹን ገጣጥመው በሩን ሊያሳዩ ሞከሩ። አልሆነም። አያቴ ከሩቅ አይተው «ይሄ ብጣሽ ነው፤ ልብስ አይደለም» አሉ። ያን ቀን ቃለ ጉባኤው ላይ «ልብ መጣ። በር አልተገኘም» ብዬ ጻፍኩ። ቀጠሮው ሊደርስ አንድ ቅዳሜ ቀርቶ ነበር።

በዚያው ሳምንት የባዮሎጂ መጽሐፌን ገልጬ የልብን ሥዕል ለአያቴ አሳየኋቸው። አያቴ መነጽራቸውን አድርገው በትሕትና አዩልኝ።

«ልጄ፣ ጥሩ ሥዕል ነው። ፋሽን መጽሔት ላይ ያለ ቀሚስም እኮ ሁሉም ልክ ነው።»

ረቡዕ ከትምህርት ስመለስ ወደ ሐጂ ልጅ ሱቅ ጎራ አልኩ። ሙሉ ልብ እንደሚያስፈልግ፣ ቢላ እንዳይነካው ነገርኩት። «ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ልብ ሳይሰነጠቅ አይወጣም፤ ደም ይይዛል» አለኝ። «እኔ ባልፈልግ እንኳ እጄ ራሱ ይሰነጥቀዋል።» እውነቱን ነው። ሰንጥቆ እያሳየኝ ነበር የሚያወራው። ሐጂ ለአርባ ዓመት በሩን ያጡት በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ ለአያቴ ግን አልነገርኳቸውም፤ አያምኑኝም ነበር።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሐጂ ዘግይተው መጡ። «ቄራ ድረስ ራሴ ሄጄ፣ ከልጄ እጅ ነጥቄ ነው ያመጣሁት» አሉ። ልቡ ሙሉ ነበር፤ የሕፃን ራስ ያህላል። ሲስተር ትሪ ላይ አስቀመጡትና የላይኛውን ክፍል ከፈፉ። የቾክ እጅ በምንታጠብበት ጆግ ውኃ እንዳመጣ አዘዙኝ። ውኃው በዚያ እንዳያመልጥ ወፍራሙን የደም ቱቦ በጣታቸው ጨምድደው «አፍስሺ» አሉኝ። አፈሰስኩ። ውኃው ከላይ ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ በሌላው እጃቸው ልቡን ከታች ጨመቁት።

ሁለት ነጫጭ ስስ ቅጠሎች ከውስጥ ተነሥተው መሐል ላይ ገጠሙ። ውኃው አልወጣም።

ሁሉም ራስ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ነበር፤ የእትዬም ጭምር። ሲስተር እጃቸውን ላላ አደረጉ፤ ተከፈተ። ጨመቁ፤ ተዘጋ።

«ያ ረቢ» አሉ ሐጂ። «ይሄን ሁሉ ዘመን በር እየሰበርኩ ነበር የምገባው።»

አያቴ ብቻ አልተነሡም። ዴስካቸው ላይ በጎን ተቀምጠው መስኮቱን ያያሉ።

«አየህ?» አሏቸው ሐጂ።

«ከዚህ አይታይም።»

«እና ወደ አንተ ይምጣ? ተነሣ እንጂ!»

አያቴ ተነሡ፤ መጡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ሲስተር ደግመው አሳዩአቸው። አያቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ውኃው ከታች ሲገፋው፣ ቅጠሉ ወደ ላይ ተገልብጦ የማይሄደው ምን ይዞት ነው?»

ሲስተር ፈገግ አሉ። «ጣትዎን ያስገቡና ይዩ።»

ሁዳዴ ነው፤ እርዱም የሐጂ ወገን ነው። አያቴ እትዬን አዩ።

«እኔን ምን ያዩኛል?» አሉ እትዬ። «እኔ ከዴስኬ ራቅ ይበል ነው ያልኩት። ዴስኬ ያውና እዚያ ነው።»

አያቴ እጅጌያቸውን ሁለት ጊዜ አጠፉ። ሁለት ጣት አስገቡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጨርቅ ሲመርጡም እንዲሁ ናቸው፤ ሱፍ ነው ቢባል ጥጥ ነው ቢባል፣ ጨፍነው በጣት ካላሹት አያምኑም።

«ክር አለው» አሉ።

ጣቶቻቸውን ይበልጥ ወደ ውስጥ ገፉ።

«ክር ነው እኮ! ከታች ከሥጋው ተነሥቶ የቅጠሉን ጫፍ ይዞታል። አንድ ብቻ አይደለም፣ ብዙ ነው። ወጥሮ የያዘው ይሄ ነው። ማን ነው እንዲህ አድርጎ የሰፋው?»

«አርባ ዓመት ከሥጋዬ ነክተህ አታውቅም» አሉ ሐጂ። «ዛሬ እጅህ እስከ አንጓህ ነው።»

«ዝም በል፣ እየሠራሁ ነው።»

ቀጥለው ሲስተርን ጠየቁ፤ የኔ ምኑ ነው የተበላሸው? ሲስተር የሐኪሙን ወረቀት አስቀድመው አንብበውት ነበር። ከነዚህ ክሮች አንዱ ተበጥሷል ነው የሚለው፣ አሏቸው። አያቴ የኮት ኪሳቸውን ዳሰሱና ትንሿን የክር መቀስ አወጡ። ከቤት ያለ እሷ አይወጡም፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ይዘዋት ይሄዳሉ። መቀሷን ወደ ውስጥ አስገብተው አንዱን ክር ቆረጡ።

«አፍስሺ» አሉኝ።

አፈሰስኩ። ሲስተር ጨመቁ። የቅጠሉ አንድ ጠርዝ ወደ ላይ ተቀለበሰ፤ በክፍተቱ ቀጭን ውኃ ፊን ብሎ የአያቴን እጅጌ አረጠበው።

«ድገሚ።»

ደገምኩ። እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛ ጊዜ ስናደርገው እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሲያነሡ አየሁ፤ እርጥብ መሆኑን አይተው መለሱት።

ዙሩ ደረሰ። ሐጂ ያልገባኝ አርባ ዓመት ምን እያየሁ እንደቆረጥኩ ነው አሉ። እትዬ ያልገባኝ ይሄ ነገር ንስሐ ይፈልጋል ወይስ አይፈልግም ነው፣ ነገ አባን እጠይቃለሁ አሉ። አያቴ መቀሷን በመሐረብ እየጠረጉ ነበር። ተራቸው ሲደርስ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«ያልገባኝ፣ ሐኪሙ በምን ዓይነት ክር እንደሚሰፋው ነው። ማክሰኞ እጠይቀዋለሁ።»

ማክሰኞ የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ጻፍኩት፤ አንዱን ሰረዝኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ እንደ ሁልጊዜው ሁለት ቦታ ቆሙ። ድሮ ትንፋሽ ሲያጥራቸው የቆመ ባጃጅ ሸራ ስፌት የሚመረምሩ መስለው ነበር የሚቆሙት፤ ሁላችንም እንዳላወቅን እንሆናለን። ያን ቀን ባጃጅ አልፈለጉም። መሐል መንገድ ላይ ቀጥ አሉና «ቆዪ፣ ውኃው ይረጋ» አሉኝ። ቆየሁ።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ፣ ለማክሰኞው ቀጠሮ፣ መናኸሪያ ወረድን። ሐጂ ከሱሑር፣ ከጾሙ የሌሊት ምግብ፣ በኋላ አልተኙም፤ ከኛ ቀድመው ቆመው ነበር። እናቴ ቦርሳውን አውቶቡስ ላይ ከማስጫኗ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ፈተሸችው። ከሹራቡ ሥር ሁለት ጥቅል ነጭ ክር አገኘች።

«አባባ፣ አዲስ አበባ ክር የለም ብለው ነው?»

«ክር ሞልቷል» አሉ አያቴ፤ ጥቅሎቹን ተቀብለው ወደ ኮት ኪሳቸው እየከተቱ። «ጥሩ ክር ነው የማይገኘው።»