መርዶው ሳይነገር የቀዘፍንበት ጠዋት

ቄሱ ታንኳዎቹ በሚቀመጡበት ቤት ክዳን ሥር ቆመዋል። ከታኮማ ከተማ የመጣው የጓደኛዬ ታላቅ ወንድም የመኪናውን በር ከፍቶ፣ ዝናቡ መቀመጫውን እያራሰው፣ መንገዱ ዳር ነበር። ከሬንተን ከተማ የመጡ ሁለት ያገራችን ሴቶች ጥቁር ነጠላቸው ላይ የዝናብ ልብስ ደርበው ሣሩ ጫፍ ላይ ቆመዋል። አሠልጣኛችን፣ አሜሪካዊት ናት፣ የእንጨቱ መሳፈሪያ ላይ ሰዓት ይዛ ትጮህብናለች። እኔና ጓደኛዬ ከሌሎች አራት ሴቶች ጋር ሐይቁ ላይ፣ ታንኳ ውስጥ ነበርን። እሷ ከፊት፣ እኔ ከጀርባዋ።

ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ነው። ሁለታችንም ሃምሳን አልፈናል፤ አሜሪካ፣ ስካይዌይ የሚባል ሰፈር አንድ አፓርታማ እንጋራ ነበር። ቀዘፋውን ከሥራ ባልደረቦቻችን ጋር ጀመርን። በብርዱ ወራት ከልምምድ ሦስት ጊዜ የቀረች ለጸደዩ ውድድር ቦታዋን ታጣለች። ጓደኛዬ ሁለት ጊዜ ቀርታለች። የውድድሩን ፎቶ ለእናቷ ልትልክ ቃል ገብታ ነበር።

እናቷ ሮብ ዕለት አዲስ አበባ አረፉ። ወንድሟ ለእኔ ብቻ ነገረኝ።

«ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቤት መጥተን እናረዳታለን። እስከዚያ አደራ፣ ስልክ እንዳትደውል።»

ሐሙስ ማታ «ለእማዬ ኮል ላድርግላት» ብላ ከመነሳቷ በፊት የስልኩን ሽቦ ከሶፋው ጀርባ ነቅዬው ነበር። መስመሩ ተበላሽቷል አልኳት። አመነችኝ።

ቅዳሜ ልምምድ መኖሩን እኔም ወንድሟም አላሰብንም። ጠዋት ስትነሳ «ዛሬ ብርዱ አይቻልም፣ እንቅር» አልኳት።

«ቦታዬን ለማን ልስጥ? አንቺ ተኚ» አለችና ቦርሳዋን አነሳች።

አጠገቤ ቆማ ሽቦውን መልሼ ሰክቼ ለወንድሟ መደወል አልቻልኩም። ተከትያት ሄድኩ። ወንድሟ፣ ቄሱና ሴቶቹም ቤት መጥተው በሩ ተዘግቶ ሲያገኙት፣ ለልምምድ እንደወጣን ገምተው ወደ ሐይቁ መጡ።

ውኃው እጅ ይቆርጣል። እኔ የቀዘፋውን ምት ደጋግሜ ሳትኩ።

«ምነው አንቺ፣ ሾርባ ነው እንዴ የምታማስይው?»

«በርዶኝ ነው።»

«ሲበርድሽ ነዋ መቅዘፍ!» ሳቀች። ቀና ስትል ዳር የቆሙትን አየች። ከሩቅ አልለየቻቸውም። «እነዚህ ደግሞ በዚህ ዝናብ ማንን ሊቀብሩ ነው?»

ጥቂት እንደቀዘፍን የወንድሟን መኪና አወቀችው። መቅዘፊያዋ ቆመ፤ ምቷን የምንከተለው ሁላችንም ቆምን። አሠልጣኟ «ቅዘፉ!» እያለች ትጮሃለች።

«እማዬ ናት?» አለች ሳትዞር።

ቀዘፍኩ። ሌሎቹም ቀዘፉ። እሷን እንደ ዕቃ ጭነን ዳር አደረስናት።

ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ቄሱ «ልጄ» ብለው ቀረቡ። እሷ ግን ወደ እኔ ዞረች።

«መቼ ነው የሰማሽው?»

«ሮብ።»

«ስልኩስ?»

«እኔ ነኝ የነቀልኩት።»

«እኛ ነን ያዘዝናት» አለ ወንድሟ።

«አንተን አልጠየቅኩም።» ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም። «ትናንት ለእማዬ ሹራብ ልግዛላት ብዬ ስጠይቅሽ ቀለም መረጥሽልኝ።»

«አዎ።»

«ቡኒው ይሞቃታል አልሽኝ።»

«አዎ።»

«ለቅሶዬ ላይ እንዳላይሽ።»

አሠልጣኟ መጥታ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ማዘኗን ገልጻ፣ ማክሰኞ ልምምድ ላይ በእሷ ቦታ ከፊት የምቀመጠው እኔ መሆኔን ነገረችኝ።

ላይፍ ጃኬቴን አውልቄ መሳፈሪያው ላይ ትቼው ሄድኩ።