የሙዳዩ ክዳን

ወደ ሮም ስመጣ እናቴ ክዳኑ ያላለቀ ሙዳይ አስያዘችኝ። «እዚያ ስትደርሺ ጨርሺው፤ ሥራ ፈትተሽ ሰው እንዳታሚ» አለችኝ። በሁለተኛው ዓመት እሷ ሞተች። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ገና አልወጣም ነበርና ለቀብሯ አልሄድኩም። ከእሷ እጅ የቀረኝ ሙዳዩ ብቻ ሆነ፤ ልጨርሰው ግን አልቻልኩም። የሰጠችኝ ሣር አልቆ ነበር። ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ከኮረሪማ እስከ ጥቁር አዝሙድ ይገኛል፤ የስፌት ሣሮቹን ስንደዶና አክርማን ግን የሚያውቅ የለም። ከወንዙ ዳር ሣር ነቅዬ ሞከርኩ። ሲደርቅ እንደ ብስኩት ተሰባበረ።

ሐሙስ ከሰዓት እረፍቴ ነው። አንድ ሐሙስ አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ በየዓመቱ ወደሚደረገው የህንዶች የእጅ ሥራ ባዛር ወሰደችኝ። እሷ አምባር ልትገዛ ነው። እኔ ሰው የበዛበት ቦታ ስለሚያስፈራኝ ቦርሳዋን ይዤ ከኋላዋ ተከተልኩ። ከበሮ ይመታል፤ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ቃጭል ያሰሩ ሴቶች ይጨፍራሉ። ዳር ካለችው ድንኳን ስንደርስ እግሬ ቆመ። የእናቴ እኩያ የሚሆኑ አንዲት ሴት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ይሰፋሉ። የሣሩን እስር በቀጭን ሣር እየጠቀለሉ፣ በወስፌ እየበሱ፣ ዙሩን እያጠበቁ። ቀለም የተነከረው ሣር በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጉልበታቸው አጠገብ ነበር። ልክ የእኛ ስፌት።

ድንኳኗን ሦስት ጊዜ አለፍኳት፣ ሦስት ጊዜም ተመለስኩ።

«ልትገዢ ነው ወይስ ልትሰርቂ?» አለችኝ ጓደኛዬ።

«ሣሩን ልለምናቸው ብዬ ነው።»

«ለምኛቸዋ። ነው ወይስ አፍሽን አየር ማረፊያ ቀሙሽ?»

ከጀርባዬ ገፋ አደረገችኝና ፊታቸው ቆምኩ። ጣሊያንኛቸው ከእኔም የባሰ ነበር። ሣሩን አሳየሁ፣ ራሴን አሳየሁ፣ በጣቴ የስፌት ዙር ሠራሁ። እጄን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወስፌውን ወደ እኔ ሳይዘረጉ ምንጣፉ ላይ አስቀመጡት።

«አየሽ፣ እጅሽ ላይ እንኳን አልሰጡሽም። አሎራ፣ በቃ እንሂድ» አለች ጓደኛዬ።

እኔ ግን ገብቶኝ ነበር። እናቴም ወስፌና መርፌ እጅ ለእጅ አትሰጥም ነበር፤ ጠብ ያመጣል ትል ነበር። እሷ መሬት ላይ ታኖረው፣ እኔ አነሳው ነበር። ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩና አነሳሁት። እጄ ዝጎ ነበር። የመጀመሪያውን ዙር ፈቱት፤ ሁለተኛውንም ፈቱት። ሦስተኛውን ሲተዉት ከየት እንደመጣ የማላውቀው ልቅሶ አሸነፈኝ። ለእናቴ በደንብ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው ማለት እችላለሁ። ሴትየዋ ጎናቸው የነበረውን ውሃ ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

ሁለት እጄን አጋጥሜ የክዳኑን ስፋት አሳየኋቸው። ደህና እስር ወርቃማ ሣር፣ ትንሽም ቀይ ጨምረው ጠቀለሉልኝ። ገንዘብ ሳወጣ እጄን መልሰው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱት።

ተቀጥሬ የምንከባከባቸው አሮጊቷ ሲኞራ ከምሳ በኋላ ሲያሸልቡ እየሰፋሁ በሁለት ወር ጨረስኩት። የእናቴ ሣር የቆመበትና የሳቸው የጀመረበት ቦታ በቀለሙ ይለያል። ስማቸውን አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ግን ከእናቴ ስም ቀጥዬ «ህንዳዊቷን እናት ጠብቅልኝ» እላለሁ።

በዓመቱ ሙዳዩን በነጠላ ጠቅልዬ፣ ማንም ሳይገፋኝ ብቻዬን ወደ ባዛሩ ሄድኩ። እዚያችው ድንኳን ውስጥ ነበሩ። ገና ሲያዩኝ ሳቁ። ክዳኑን ተቀብለው አስቀድመው ገለበጡትና ውስጡን አዩ፤ እናቴም ስፌት ስትፈትሽ ከላይ አታይም ነበር። ጣታቸውን በዙሩ ላይ ቀስ አድርገው እየነዱ መጥተው አንዲት የላላች ቦታ ላይ አቆሙ።

ወስፌውን ፊቴ ምንጣፉ ላይ አኖሩልኝ። ጫማዬን አወለቅኩ።