የካሊዮፒ የእናት ወገን

ነቀምቴ ውስጥ የካሊዮፒን ዳቦ ያልበላ አልነበረም፤ ስሟን አስተካክሎ የሚጠራት ግን ስላልተገኘ ሁሉም «ቃልዬ» ይላታል። አባቷ ግሪካዊ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። እናቷ በቀለች የሞተችው ቃልዬ ገና ድክድክ ስትል ነው። አባቷም ሲሞት ምድጃውንና ሙያውን ተወላት፤ ቦታው ግን የኪራይ ነበር።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ባለቤቱ ቦታውን ሊሸጥላት ተስማማ። ቃልዬ እየበረረች ወደ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ብትሄድ፣ ጸሐፊው አቶ በላይ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ የውጭ አገር ሰው መሬት አይገዛም።»

«የምን ውጭ አገር? እኔ ከአርጆ ወዲያ እንኳ አልፌ አላውቅም!»

አቶ በላይ ሳቅ አመለጣቸው። «እናትሽ ኢትዮጵያዊት ከሆነች በእሷ በኩል ዜግነት መጠየቅ ትችያለሽ። ዘሯን የሚያውቁ ምስክሮች ይዘሽ ነይ።»

ቃልዬ የምታውቀው የአያቷ ስም ጉሉማ፣ አገሩም ኑኑ ቁምባ መሆኑን ብቻ ነው። ምድጃውን ለጎረቤቷ ለሸዋጌጥ አደራ ሰጥታ እስከ አርጆ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በኪራይ በቅሎ ተጓዘች።

ኑኑ ቁምባ ደርሳ ገበያ መሐል ቆማ በኦሮምኛ «የጉሉማን ቤት የምታውቁ!» ብትል፣ ችግሩ የጉሉማ መጥፋት ሳይሆን የጉሉማ መብዛት ሆነ። የመጀመሪያው ጉሉማ ቤተሰብ በቀለች የምትባል ልጅ ኖሯቸው አያውቅም፤ ሆኖም ቃልዬን ወደዷትና እርጎ አቅርበው «ብትሆኚልንስ ምን አለበት?» አሏት። የሁለተኛው ጉሉማ ቤተሰብ ደግሞ «አፍንጫዋ የኛ ነው!» ብለው ከመጀመሪያዎቹ ጋር ክርክር ገጠሙ። አፍንጫው የግሪኩ አባቷ መሆኑን የምታውቀው ቃልዬ በሳቅ ፈረሰች። ስትስቅ ደግሞ መጨረሻው ላይ ስርቅ ይላታል።

ክርክሩን ለማየት ከተሰበሰቡት መሐል አንዲት ሴትዮ ነጠላቸውን ጥለው ተነሡ።

«ይህን ሳቅ አውቀዋለሁ! እናትሽ ማን ትባላለች?»

«በቀለች።»

«ዳቦ ጋጋሪው ፈረንጅ ያገባት?»

«አዎ!»

«ኢንታላ ኮ! ልጄ!» ሴትዮዋ እልልታቸውን አቀለጡት። የእናቷ ታላቅ እህት ድርቤ ነበሩ።

ማታውን ግቢው በዘመድ ሞላ። ቃልዬ ሁለት ምስክር እንደሚበቃት ብትናገር የእናቷ ወንድም አቶ ተረፋ ተቆጡ። «ታዲያ ሌላው ቤት ተቀምጦ ምን ሊሠራ ነው?»

ስለዚህ የጭነት መኪናው ነቀምቴ የገባው ቤተሰቡን ሁሉ ጭኖ፣ እየተዘፈነበት ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ጠበበ። አቶ ተረፋ ዱላቸውን ተመርኩዘው ጀመሩ፦ «በቀለች የጉሉማ ልጅ፣ ጉሉማ የዋጋሪ ልጅ፣ ዋጋሪ የጆቴ ልጅ...»

«አባቴ፣ ይበቃል» አሉ አቶ በላይ።

«አይበቃም! አያቶቼን መንገድ ላይ ጥያቸው ልሂድ?»

ቀጠሉ። ሊጨርሱ ሲሉ ድርቤ ከኋላ ጮኹ፦ «ሞረዳን ዘለልከው!» ወንድምና እህት ተከራክረው፣ ቆጠራው እንደገና «በቀለች የጉሉማ ልጅ...» ተብሎ ተጀመረ። አቶ በላይ ብዕራቸውን አስቀምጠው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ማመልከቻው አዲስ አበባ ደርሶ ክረምቱ ሲወጣ ተፈቅዶ ተመለሰ። ቃልዬ ቦታውን በስሟ አዛወረች። ኑኑ ቁምባ ውስጥ ሠርግ በተደገሰ ቁጥር መጠራት የጀመረችውም ከዚያ ወዲህ ነው። የአቶ ተረፋ ልጅ ሲያገባ ዳቦዋን በቅሎ ላይ አስጭና ደረሰች፤ ከሙሽራው እህቶች ተርታ ቦታ ተለቀቀላት። ከበሮው ገና ሳይመታ ጫማዋን አውልቃ ተነሣች።