ከአባቴ ጋር ያጠናሁት ፈተና

ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ የተቀጠረች ልጅ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ፊቷ ላይ እንቅልፍ ያጣ ሰው ድካም ይታያል።

"ሐያት፣ የሥራ ፈቃዱን ፈተና በአንድ ጊዜ ነው ያለፍሽው አሉኝ። እንዴት ነበር ያጠናሽው?"

የካፒታል ገበያ በአገራችን ገና አዲስ ስለሆነ በዚህ ሙያ አንጋፋ ለመባል ብዙ ዕድሜ አያስፈልግም። እኔ ፀጉሬ ሳይሸብት ምክር የምጠየቅ ሰው ሆኛለሁ። ትንሽ አሰብኩና "ጮክ ብዬ እያነበብኩ" አልኳት። አመስግናኝ ሄደች። ጥቂት ቆይቶ ከስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ጮክ ብላ ስታነብ ሰማኋት። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ግን የጀመርኩትን ሥራ ትቼ በመስኮቱ ውጭውን ማየት ጀመርኩ። ለማን አነብ እንደነበር አልነገርኳትም።

ያን ጊዜ አዳማ ውስጥ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ስሠራ ቆይቼ አዲስ አበባ ወደተከፈተ የኢንቨስትመንት ባንክ ገና መዛወሬ ነበር። ያሳደገችኝ አክስቴ ዘሀራ፣ "ያው ባንክ አይደል እንዴ? ለዚህ ነው አገር የምትለቂው?" ብላኛለች። አንድ ኩባንያ አክሲዮኑን ለሕዝብ መሸጥ ሲፈልግ የሚያማክረውና ከገዢ ጋር የሚያገናኘው እንደ እኛ ያለው ድርጅት ነው ብዬ በሰፊው አስረዳኋት። በጥሞና ካዳመጠችኝ በኋላ "ደላላ ነኝ በይኛ!" አለችና ወደ ጓዳዋ ገባች።

ሥራውን ለመሥራት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱን ለማግኘት ደግሞ ፈተና አለ። አለቃችን በገባን ሰሞን ሰብስቦን፣ "ፈተናውን ያላለፈ ሰው ደንበኛ ፊት አይቀመጥም። ደንበኛ ፊት የማይቀመጥ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?" አለን። የማጥኛውን ጽሑፍ አሳትመን እያንዳንዳችን ጡብ የሚያህል ወረቀት ታቅፈን ወጣን።

ግንቦት ውስጥ ታላቅ ወንድሜ ከድር ደወለልኝ። "አባዬ ወድቋል" አለኝ። "መስጊድ፣ ለሶላት ዉዱእ ሲያደርግ።"

አባቴ ዕድሜውን በአዳማና በአሰላ መካከል አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነበር። ልጅ ሆኖ ከወሎ ሲመጣ ኦሮምኛ አንድ ቃል አያውቅም ነበር አሉ፤ እኔ ሳውቀው ግን መንገድ ላይ ባለችው ደራ ከተማ ከጎመን ሻጮቹ ጋር በኦሮምኛ ሲቃለድ እንግዳ ነው የሚለው ሰው አልነበረም። መናኸሪያ ውስጥ ድምፁ ከጥሩምባ ይበልጥ ነበር። እቤት ሲገባ ግን ድምፁን ከመኪናው ጋር አቁሞት የመጣ ይመስል ዝም ይላል። እናታችን እኔ ገና ፊደል ሳልጨርስ ሞታለች። ከዚያ በኋላ እኔና አባቴ የተነጋገርነው ነገር ቢሰበሰብ ከ"በላሽ ወይ?"ና ከ"በላሁ" ብዙም አያልፍም።

ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ አንደበቱም ተያዘ። አለቃዬ እስከ ፈተናው ድረስ እቤቴ ሆኜ እንዳጠና ስለፈቀደልኝ ወረቀቴን ይዤ አዳማ ገባሁ። ከሆስፒታል ስናወጣው ሐኪሙ፣ "የሚነገረውን ይሰማል። ዝም አትበሉት፤ አውሩት" አለን።

ምን ላውራው? አልጋው አጠገብ ተቀምጬ አየዋለሁ፤ እሱም ያየኛል። አዳማ በዚያ ወር ሙቀቷ አይጣል ነው። ቀትር ላይ አውሎ ነፋስ ይነሳና አቧራውን እንደ ምሰሶ አቁሞ መንደር ለመንደር ያዞረዋል፤ መስኮት ብትዘጋው ትታፈናለህ፤ ብትከፍተው አልጋው አፈር ይለብሳል። አንድ ቀን መስኮቱን ዘግቼ ተመለስኩና የምለው ሲጠፋኝ ጭኔ ላይ ያለውን ወረቀት ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

"ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ማለት አክሲዮንን፣ ቦንድንና እነዚህን የመሳሰሉ በገበያ ላይ ሊተላለፉ የሚችሉ ሰነዶችን ያጠቃልላል…"

አባቴ ዓይኑን ከጣሪያው ላይ አንስቶ ወደ እኔ መለሰ። ቀጠልኩ። አክስቴ አጥሚቱን ይዛ ስትገባ በሩ ላይ ቆማ አዳመጠችና፣ "ይሄ ደግሞ የምን ኪታብ ነው?" አለች።

"የፈተናዬ ነው።"

"አንብቢለት እንግዲህ። እንቅልፍ ከወሰደው ለእሱም ዕረፍት ነው።"

እንቅልፍ ግን አልወሰደውም።

ስለዚያ ጊዜ ስናገር የሚያስቸግረኝ፣ ምን ተሰማሽ ሲሉኝ የምመልሰው ማጣቴ ነው። ጠዋት አገላብጬ አጥበዋለሁ፤ አጎርሰዋለሁ፤ ልብሱን አጥባለሁ፤ አነባለሁ። ገመቹ፣ ድሮ የአባቴ ረዳት የነበረው፣ የቆቃ ዓሣ ይዞልን ይመጣል፤ አክስቴ ትጠብሰዋለች፤ እበላለሁ፤ ጣዕሙን ግን አላውቀውም። አንድ ቀን የጋለ መጥበሻ በባዶ እጄ አነሳሁ፤ ቆዳዬ ሲላጥ አየሁት እንጂ ማቃጠሉ የተሰማኝ ቆይቶ ነው። ጠያቂ ጎረቤቶች "አንጀቷ የጠና ልጅ! አላህ ይጨምርልሽ" ይሉኝ ነበር። "አሜን" እላለሁ። የአባቴ ቀኝ እጅ ሲነኩት እንደማይሰማው ሁሉ እኔም ውስጤ አንድ የማይሰማ ቦታ ነበረኝ። ልዩነቱ የእሱን መደንዘዝ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

የሶደሬ ሙቅ ውኃ ለእንዲህ ያለ በሽታ ደግ ነው ብሎ ያልመከረን ሰው አልነበረም። ሐኪሙም አይጎዳውም ስላለን ገመቹ አንዳንድ ማለዳ በሚኒባሱ ይወስደን ጀመር። ሁልጊዜ በሩን ከፍቶ "አካም ቡልተን፣ ጋሽ ሰይድ?" ብሎ አባቴን እንዴት እንዳደረ ይጠይቀዋል፤ ከዚያም መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጥቂት ይቆማል። መልስ ሲያጣ ደህና ነው ለማለት "ነጋ ነው፤ ነጋ ነው" ብሎ ራሱ ይመልስና ሞተሩን ያስነሳል። ኮረብቶቹን አልፈን፣ ግራርና ድንጋይ ብቻ ያለበትን ሜዳ አቋርጠን ወደ አዋሽ ወንዝ ስንወርድ አየሩ ይለወጣል። እንፋሎቱ ከውኃው ላይ ይነሳል፤ ጦጣዎች ከዛፍ ወርደው የምንበላውን ይጠብቃሉ። ገመቹ አባቴን አቅፎ ውኃው ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ እኔ ዳር ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ እግሬን ነክሬ አነባለሁ። የደንበኛ ገንዘብ ከድርጅቱ ገንዘብ ስለ መለየቱ፣ አማካሪ የራሱን ጥቅም ከደንበኛው ስለ አለማስቀደሙ፣ ለሕዝብ ያልተነገረ ምሥጢር ይዞ አክሲዮን መግዛት ስለ መከልከሉ። የሚታጠቡት ሰዎች መጀመሪያ ዱዓ መስሏቸው ዝም ይሉ ነበር።

ፈተናው እየተቃረበ ሲመጣ ከድር ከአርሲ ነገሌ መጣ። እዚያ ሚስት አግብቶ እህል ይነግዳል፤ ስንዴና በቆሎ የሚያመላልስበት የራሱ አይሱዙም አለው። ያን ቀን ገመቹ ሥራ ስለነበረው ሶደሬ የወሰደን ከድር ነው። ሱሪውን ሰብስቦ አባቴን አቅፎ ገባ። እኔ እንደለመድኩት ዳር ተቀመጥኩ። አንድ ገጽ ሳልጨርስ አቋረጠኝ።

"ሌላ የምታወሪው የለሽም?"

"ምን ላውራ?"

"ቁርአን ቅሪለት። ስለ ልጅነታችን አውሪለት። ይሄ የነጋዴ ሕግ ምን ያደርግለታል?"

"ፈተናዬ ደርሷል፣ ከድር።"

"እኔም የምልሽ እሱን ነው። ተይው! አንቺ አዲስ አበባ ስትሄጂ ማን ያነሳዋል? አክስቴ ወገቧን ይዛ ነው የምትቆመው። ካልሆነ ነገሌ እወስደዋለሁ።"

"ሐኪሙ ረጅም መንገድ አይሂድ ብሏል።"

"ታዲያ ቅሪ!"

"ካልተፈተንኩ ሥራውን አጣለሁ።"

ከድር አባቴን ደረቱ ላይ ደግፎ እንደያዘ ትክ ብሎ አየኝ። "እስቲ ድምፅሽን ስሚው" አለ። "የሌላ ሰው ጉዳይ የምታወሪ ነው የምትመስይው። አባትሽ እንዲህ ሆኖ አንድ ቀን ዓይንሽ እርጥብ ሲል አላየሁም። ምን ሆንሽ? ልብሽ ድንጋይ ሆነ?"

መቆጣት እንዳለብኝ አውቄ ነበር። ቁጣውን እዚያ ሊኖር በሚገባው ቦታ ፈለግኩት፤ አጣሁት። "እኔ እንጃ" አልኩ። እውነቴን ነበር። እሱ ግን የባሰ ተናደደ። ጮኸ፤ የሚታጠቡት ሰዎች ዘወር አሉ። አባቴ በመካከላችን አንዴ ወደ እሱ አንዴ ወደ እኔ ያያል። ስለ እሱ የምናወራው እሱ እንደሌለ አድርገን ነበር።

"በቃ።"

ድምፁ ወፍራም ነበር፤ አፉ ምግብ እንደሞላ ሰው። ቃሉ ግን ጥርት ያለ ነው። ከወደቀ ጀምሮ ከአፉ ሲወጣ የሰማነው የመጀመሪያው ቃል ነበር።

ከድር የአባታችንን አገጭ ቀና አድርጎ አየው። "አባዬ?" አለ። "አባዬ ተናገረ እኮ! ሐያት፣ ሰማሽ?"

"ሰማሁ" አልኩት።

ከድር የአባታችንን ራስ አንገቱ ሥር ወሽቆ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። እኔ ያደረግኩት ዛሬም ድረስ ከዓይኔ አይጠፋም፤ ያቆምኩበትን መስመር ወረቀቱ ላይ በጣቴ እፈልግ ነበር።

እቤት ስንገባ አክስቴ እልል አለችና ዳቦ ጋግራ ለጎረቤት ሰደቃ አደለች። "በቃ" ያለው ምኑን እንደሆነ ግን አልተስማማንም። ከድር ጠባችሁ በቃ ማለቱ ነው አለ። አክስቴ ውኃው ስለሞቀው ነው አለች። እኔ ንባቤን መስሎኝ ነበር። እንዴትስ አይሰለቸው? የታመመ ሰው ላይ ስንት ገጽ ሕግ ነው ያነበብኩበት! ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ጥግ ላይ ከምሬ ዝም ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባቴ በግራ እጁ ፍራሹን መታ። ውኃ ሰጠሁት፤ ፊቱን አዞረ። ላገላብጠው ብል አንገቱን ነቀነቀ። ትራሱን አስተካከልኩ፤ እንደገና መታ። በመጨረሻ ጣቱን ዘረጋ። ወደ ወረቀቱ ነበር። አነሳሁትና ሶደሬ ላይ ካቆምኩበት መስመር ቀጠልኩ። ከድር በሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ ምዕራፉ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሰም።

በማግስቱ ጠዋት እኔ የአባቴን አንሶላ ሳሰጣ መጥቶ አንዱን ጫፍ ያዘልኝ።

"ሂጂ ተፈተኚ" አለኝ። "እስክትመለሺ እኔ እዚህ ነኝ።"

"እህሉስ? ገበያው እኮ አሁን ነው።"

"አሁን ነው። ያልፋል ደግሞ።" አንሶላውን ወጥሮ ጫፉን ገመዱ ላይ ጣለ። ልቤን ድንጋይ ስላለበት ነገር አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁበትም።

በፈተናው አዳራሽ ውስጥ ጓደኞቼ ይንቀጠቀጡ ነበር። አንዷ በሩ ላይ ቆማ ዳዊት ትደግማለች። እኔ ከውጭ ሳምቡሳ ገዝቼ በልቼ ገባሁ። ኮምፒውተሩ ጥያቄውን ሲያሳየኝ መልሱ በራሴ ድምፅ ይመጣልኛል፤ ከጀርባው የውኃ ድምፅ አለ። ብልህ ሆኜ አይደለም። ለአንድ ሰው እንዲገባው ብለህ ቀስ ብለህ ያነበብከው ነገር ሳታስበው ላንተም ይገባሃል።

ውጤቱ የመጣው አዳማ ተመልሼ አባቴን ፓፓያ በማንኪያ ሳጎርሰው ነው። ስልኬን አየሁና "አባዬ፣ አለፍኩ" አልኩት። በግራ እጁ አንጓዬን ያዘኝ። አልለቅ አለ። ስልኩ ደጋግሞ ይጮኻል፤ ጓደኞቼ ናቸው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ከማንኪያው የሚንጠባጠበው ፓፓያ አንሶላውን እንዳያበላሸው ነበር የማስበው።

አባቴ ከዚያ በኋላ ጥቂት ቃላት ተመለሱለት። "ውኃ" ይላል፤ "ዝጉት" ይላል፤ "ከድር" ይላል። የእኔን ስም ለመጥራት ከንፈሩን ሲያዘጋጅ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ አልወጣለትም። በሚቀጥለው ክረምት፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ባደረበት ሌሊት ማግስት፣ እንደተኛ ቀረ። ቀበርነው። እንግዳ ተቀበልኩ፤ ሳህን አጠብኩ፤ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ያ የማይሰማው ቦታ የተከፈተው ብዙ ቆይቶ፣ አርሲ ነገሌ ከድር ቤት ለዒድ ሄጄ ነው። ግቢው ውስጥ ስንዴ ይወርዳል። ወዛደሮቹ በኦሮምኛ እየተቀላለዱ ይስቃሉ፤ የከድር ሚስት ወንበር አውጥታልኛለች፤ ፀሐዩ ደስ ይላል። ምንም አልተነገረኝም፤ ምንም አላስታወስኩም። እንዲሁ እንደተቀመጥኩ እንባዬ ወረደና መቆም አቃተው። ከድር ከመኪናው ላይ ሆኖ አየኝ። ወረደ፤ ውኃ በብርጭቆ አምጥቶ ሰጠኝ፤ ሠራተኞቹ እንዳያዩኝ በእኔና በእነሱ መካከል ቆመና ጀርባውን ሰጥቶኝ ስለ ጆንያው ይጨቃጨቃቸው ጀመር። እስክጨርስ ድረስ ጨቅጭቋቸዋል።

ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ሰው ሸክም ሲበዛበት መጀመሪያ ትከሻው ይደነዝዛል፤ ካልደነዘዘ የተሸከመውን አያደርስም። ከድር ድንጋይ ያለው ያን ይመስለኛል። እሱ የሚያለቅሰውን አለቀሰ፤ እኔ የሚታጠበውን አጠብኩ፤ ሁለታችንም አባታችንን ነው የተሸከምነው። ይህንን እርስ በርሳችን ተነጋግረንበት አናውቅም። እኛ ቤት መነጋገር እንዲህ ቀላል ነገር አልነበረም።

አሁን ግን ከድር ከጁምዓ ሶላት ሲወጣ ይደውልልኛል። "ደህና ነሽ?" ይለኛል። "ደህና ነኝ" እለዋለሁ። ድሮ ቢሆን እዚያ ላይ ስልኩ ይዘጋ ነበር። አሁን አይዘጋም፤ ዝም ብሎ ይጠብቃል። የመኪና ጥሩምባና የገበያ ጫጫታ ከወዲያ ይሰማኛል። እኔም እቆያለሁ፤ ከዚያ እንዴት እንደሆንኩ እነግረዋለሁ።