ሁለተኛው ጠርሙስ

ቤተ ሙከራው ውስጥ «የዝንቦቹ እናት» ይሏታል። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ሰው ልጅ እንደሌላት አያውቅም ነበር መሰለኝ፤ ካወቀ ግን እግዜር ይቅር አይበለው። ሥራዋ የፍራፍሬ ዝንብ ማርባት ነው። በጋዝ ታደነዝዛቸዋለች፣ ወንዱን ከሴቷ በቀጭን ብሩሽ ትለያለች፣ አዲስ ምግብ ወዳለበት ጠርሙስ ታዛውራቸዋለች።

ተመራማሪው ከወንዶቹ ሰውነት አር ኤን ኤ ከሚባሉት የዘረ መል ቅጂዎች አንዱን ያጠፋል። ፕሮቲን የማይሠራ፣ ድሮ እንደ ትርፍራፊ ይቆጠር የነበረ ዓይነት ነው። እሱ የጎደለው ወንድ ላዩን ሲያዩት እንከን አይወጣለትም፤ ክንፉን እያርገበገበ ሴቷን ያሳድዳል፣ ይገናኛታልም። ዘሩ ግን በማጉያ ሲታይ ጭራው እንደ ክር የተወሳሰበ፣ ሳይበስል የቀረ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ከእንቁላል የተፈለፈለች አንዲት ትል እንኳ አትታይም።

እዚያ ታዲያ ጠርሙስ ባዶ ሲሆን ዝም ብሎ ሴቷን መውቀስ የለም። ወንዱ መውለዷ ለታወቀ ሌላ ሴት ይሰጣል፤ ሴቷም በሁለተኛ ጠርሙስ ለደህና ወንድ ትሰጣለች። ያኔ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይለያል።

ባሏ ሾፌር ነበር። እሷ ሐኪም ቤት ስትመላለስ፣ መራራ መድኃኒት ሁሉ ስትጠጣ፣ እሱን ተመርመር ብትለው «እኔ ምን ጎደለኝ?» አላት።

«ዝንቡም እኮ ምንም የጎደለው አይመስልም» አለችው። እንዲህ ያለ ነገር ለባል የሚነገረው ዝንብ ሲያረቡ ቢውሉ ነው።

«ከዝንብ አስተካከልሽኝ?» ብሎ አኮረፈ፤ በዚያው ወጥቶ ቀረ። እናቱም ጊዜ አላጠፉም፤ አንዲት ሴት ልጅ ያላት፣ «የወለደች» ሴት ፈልገው ዳሩት።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ያቺው ሴት ከቤተ ሙከራው ደጅ ቆማ አገኘቻት። ከስታለች።

«እትዬ፣ ከእሱ አልወልድ ብያለሁ፤ እናቱ አንቺ ያስደረግሽብኝ ነገር አለ ይላሉ» አለች መሬት መሬት እያየች። «ካለ በልጄ ይዤሻለሁ፣ ፍቺልኝ።»

የዝንቦቹ እናት ሳቋ መጣ።

«እሱ ተመረመረ?»

«እንዴት ብዬ እጠይቀዋለሁ?»

«አንቺ ወልደሻል፣ እህቴ። ያስደረግሁብሽም ነገር የለም። ልጅሽን ይዘሽ ውጪ፣ ዕድሜሽ ሳያልፍ።»

ሴትዮዋ አመነቻት አላመነቻት አልታወቀም፤ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። እሷም ገብታ ብሩሿን አነሳች። ባሏ የነበረው ወንድ ሁለት ጊዜ ተሞክሯል። እሷን ራሷን ግን ለደህና ወንድ የሰጣት አልነበረም፤ አሁን ደግሞ ፀጉሯ ሸብቷል። ቀና ሳትል ዝንቦቿን መለየት ቀጠለች።